«ልጄ ጠፋብኝ» ከተባለ በኋላ፦ በምርመራ መዝገብ ውስጥ መልስ አጥተው የሚቀሩ ጥያቄዎች

በአማርኛ «ጠፋ» የማይገባበት ቦታ የለም። መብራት ይጠፋል፣ ከብት ይጠፋል፣ ገንዘብ ይጠፋል። መንገድ የሳተ ልጅ ጠፋ ይባላል፤ ከቤቱ የኮበለለም፣ ሰው የወሰደውም እንዲሁ ጠፋ ይባላል። ለወራት ያላየነውን ወዳጅ መንገድ ላይ ስናገኘው «ምነው ጠፋህ?» እንለዋለን። እናት ፖሊስ ጣቢያ ሮጣ ገብታ «ልጄ ጠፋብኝ» ስትል ቃሉ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ተረኛው ፖሊስ ግን ከእነዚህ ትርጉሞች አንዱን ብቻ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰማው ቀላሉን ነው። ጨዋታ ይዞት ነው፣ ጓደኞቹ ጋ ሄዶ ነው፣ ይመጣል።

በእርግጥም አብዛኞቹ ይመጣሉ። በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ በድምፅ ማጉያ «ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ሕፃን ተገኝቷል፣ ወላጆቹ መጥታችሁ ውሰዱ» ሲባል ይሰማል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም ልጅና እናት ይገናኛሉ። እኔ የምጽፈው ስላልተገናኙት ነው። በፒያሳና በአውቶቡስ ተራ የመብራት ምሰሶዎች ላይ «ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ያለበትን ለጠቆመን ወሮታውን እንከፍላለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎላቸው፣ ወረቀቱ በዝናብና በፀሐይ ካለቀ በኋላም መዝገባቸው ስላልተዘጋ ልጆች ነው።

የቀድሞው ሰፈራችን አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ውስጥ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ብቻ እያለ የሚጠራቸው ጎረቤታችን የ9 ዓመት ልጃቸውን ለመክሰስ ዳቦ ግዛ ብለው ላኩት፤ ልጁ እንደወጣ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዎች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ወሰደው? እኔም ለዓመታት የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። መዝገቡን ተከታትዬ፣ ከመርማሪዎችና ከሕግ ባለሙያዎች ጋር ተነጋግሬ የገባኝ ግን ሌላ ነው። መልስ ያጣ ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሰዓቱ ሳይጠየቅ ያለፈ አለ። ተጠይቆ፣ መልሱን የያዘው ማስረጃ ግን የጠፋበት አለ። ማንም ሊመልሰው የማይችል አለ። ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ መልሱ ተገኝቶ ለቤተሰቡ ሳይነገር የቀረው ነው። አንድ ቤተሰብ የቱ ጥያቄ የቱ ጋ እንደቆመ የማወቅ መብት አለው ብዬ አምናለሁ።

ከመጀመሪያው እንነሣ። መርማሪ «ማን ወሰደው?» ከማለቱ በፊት መያዝ ያለበት አንድ ሰዓት አለ፤ ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት የታየበት ሰዓት። ፍለጋው የሚሸፍነው ስፋት የሚለካው ከዚህ ሰዓት ተነሥቶ ነው። የ9 ዓመት ልጅ በእግሩ በግማሽ ሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከፒያሳ ተነሥቶ አራት ኪሎን ወይም መርካቶን ይደርሳል። ታክሲ ከተሳፈረ ከተማው ሁሉ ክፍት ነው። ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ከተሳሳተ ፍለጋው የሚካሄደው ልጁ በሌለበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ የኛ አገር የተለየ ችግር አለ፤ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር ይዘን ነው የምንኖረው። በእትዬ ልጅ መዝገብ የሆነውን ልንገራችሁ። ባለሱቁ «ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ዳቦ ሊገዛ ሲያልፍ አይቼዋለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ከወርቅ ቤቶቹ በአንዱ ደጃፍ ያለ ካሜራ ደግሞ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰ ልጅ ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲሄድ ቀርጾ ነበር። ካሜራው ላይ የሚታየው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4፡20 ነው፤ በእኛ ከቀኑ 10፡20 ማለት ነው። ምስሉን ያየው ሰው ማስታወሻው ላይ የጻፈው «4፡20» ብቻ ነበር። ማስታወሻውን የተረከበው ሌላ ሰው ከረፋዱ 4፡20 ብሎ አነበበው። ረፋድ ላይ ልጁ ክፍል ውስጥ እንደነበር መምህሩ መሰከረ። ስለዚህ በካሜራው የታየው «ሌላ ልጅ ነው» ተባለና ታለፈ።

ስህተቱን ያስተዋለችው የልጁ ታላቅ እህት ናት፤ ከወራት በኋላ ወረቀቱን አይታ። ወደ ወርቅ ቤቱ ሲኬድ ምስሉ የለም። የደኅንነት ካሜራ የቀረጸውን የሚያስቀምጥበት ዲስክ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፤ እንደ ዲስኩ ትልቅነትና እንደ ካሜራዎቹ ብዛት ሳምንት ወይም ወር ያህል ብቻ ነው የሚቆየው። ቁልቁል የሚሄደው ልጅ ብቻውን ነበር ወይስ ምስሉ ላይ ከጎኑ ይታይ የነበረው ጎልማሳ አብሮት የሚሄድ ነበር? ይህ ጥያቄ ዛሬ መልስ የሌለው ምስጢር ሆኖ ይወራል። ምስጢር ግን አልነበረም። ቴሌቪዥን ከፍቶ በማየት የሚመለስ ጥያቄ ነበር።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ካሜራውም አብሮ ይጠፋል። የመቅረጫው የውስጥ ባትሪ ያረጀ ከሆነ መብራቱ ሲመለስ ሰዓቱና ቀኑ ወደ ፋብሪካ መነሻው ይመለሳል። ጠንቃቃ መርማሪ ስለዚህ ምስሉን ብቻ ወስዶ አይሄድም፤ መቅረጫው ፊት ቆሞ የራሱን ስልክ ሰዓት ከካሜራው ሰዓት ጋር ያስተያያል፣ ልዩነቱን በደቂቃ ይመዘግባል፣ «ቀን» ወይም «ሌሊት» የሚለውንም ጨምሮ ይጽፋል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

የሰው ትዝታም እንደ ካሜራው ነው፤ በላዩ ይጻፍበታል። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም እንዲያዩ ተደረገ። ለከፊሎቹ መኪኖቹ «ሲጋጩ» ፍጥነታቸው ስንት እንደነበር፣ ለሌሎቹ «ሲደቃቁ» ስንት እንደነበር ተጠየቀ። ከሳምንት በኋላ ሁሉም የተሰበረ መስታወት አይተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ «ሲደቃቁ» ከተባሉት 50ዎቹ 16ቱ፣ «ሲጋጩ» ከተባሉት 50ዎቹ 7ቱ አይተናል አሉ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንድ ቃል ያልነበረ ነገር እንዲያስታውሱ አደረጋቸው።

ይህን ወደ ፒያሳ አምጡት። ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና እየጠጣ «ያ ነጭ መኪና ያለው ሰውዬ ነው» ሲባል ያመሸበት ቤት ውስጥ፣ በማግሥቱ ሦስት ሰዎች ነጭ መኪና አይተናል ብለው ቃላቸውን ይሰጣሉ። አይዋሹም፤ ከልባቸው ነው። ለዚህ ነው ምስክር ለየብቻው፣ ቶሎ፣ ከሌላው ሳይነጋገር ቃሉን መስጠት ያለበት። ጥያቄውም «ነጩን መኪና አይተሃል?» ሳይሆን «ያየኸውን ንገረኝ» መሆን ይኖርበታል።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ነገር ልምጣ። እትዬ በዚያው ምሽት ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ «እናቴ፣ ይመጣል፤ እስከ ነገ ይጠብቁ፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ መዝገብ አይከፈትም» ተባሉ። ይህ አባባል ከተማው ውስጥ እንደ ሕግ ይነገራል። ሕግ አይደለም። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 22 ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ካወቀ ወይም ከጠረጠረ ምርመራ መጀመር እንዳለበት ይደነግጋል። የዚሁ አንቀጽ ሁለተኛ ንዑስ ደግሞ መርማሪው የቀረበለት አቤቱታ ወይም ጥቆማ አጠራጣሪ መስሎ ቢታየው እንኳ ሥራውን እንዲያከናውን ያዛል። አንቀጽ 14 የቀረበው ክስ ወይም አቤቱታ በጽሑፍ እንዲሰፍርና ለአመልካቹ እንዲነበብለት ያስገድዳል። በእነዚህ ድንጋጌዎች ውስጥ «24 ሰዓት ጠብቅ» የሚል መስመር የለም። አሜሪካኖችም ይኸው ልማድ ስለነበረባቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ፖሊስ የጠፋ ልጅ ሪፖርት ለመቀበል የመጠበቂያ ጊዜ እንዳያስቀምጥ በሕግ ከልክለዋል።

ለምን ይህን ያህል ያስቆጣል? አዲስ አበባን አስቡ። ወደ ክፍለ ሀገር ረጅም መንገድ የሚሄዱ አውቶቡሶች በአብዛኛው የሚነሡት ሲነጋጋ ነው። ከሰዓት በኋላ የተወሰደ ልጅ በአውቶቡስ ራቅ ወዳለ ከተማ የሚሄድ ከሆነ ሌሊቱን እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ካሉት ትንንሽ አልጋ ቤቶች በአንዱ፣ ወይም ዘመድ ነኝ በሚል ሰው ቤት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የአውቶቡስ ተራ በር ላይ ፎቶውን የያዘ አንድ ፖሊስና አንድ ዘመድ መቆም ይችሉ ነበር። «እስከ ነገ ጠብቁ» ማለት አውቶቡሱ እስኪነሣ ጠብቁ ማለት ነው። በእትዬ መዝገብ ውስጥ ያን ንጋት አውቶቡስ ተራ የሄደ ሰው ስም የለም፤ የተሳፋሪ ዝርዝርም አልተጠየቀም። ይህ ነው ሳይጠየቅ ያለፈ ጥያቄ የምለው።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሰዓታት አንድ ቁጥር በየቦታው ይጠቀሳል፤ ብዙ ጊዜም ተዛብቶ። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ተጠልፈው ከተገደሉ ልጆች መካከል 76 በመቶው የተገደሉት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ውስጥ ነው። ጥናቱ የቆጠረው የተገደሉትን ብቻ ነው። ስለዚህ «ሦስት ሰዓት ካለፈ ልጁ የለም» ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ ለእናት መንገር ጭካኔም ስህተትም ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ለፖሊስ ነው፤ በጣም የከፋው ነገር ሊደርስ የሚችል ከሆነ ቶሎ ይደርሳል፣ ስለዚህ ቶሎ ተነሣ ይላል።

ቤተሰብንም የሚያስቀይም አንድ ነገር አለ፤ በዚህ ግን ከመርማሪዎቹ ጎን እቆማለሁ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤተሰቡ ነው። አባት የት ነበርክ ይባላል፣ የእንጀራ እናት ቃሏን ትሰጣለች፣ አጎት ስልኩን ያሳያል። «ሐዘናችን ሳያንስ ተጠርጣሪ ሆንን» የሚል ምሬት ከብዙ ቤት ሰምቻለሁ። ነገር ግን ልጅ የሚወሰድበት አንዱ የታወቀ ምክንያት በተፋቱ ወላጆች መካከል ያለ የአሳዳጊነት ክርክር ነው፤ ልጁ አያቱ ቤት በሰላም ተቀምጦ ከተማው ሊታመስ ይችላል። ቤተሰቡን ቶሎ አጣርቶ ከዝርዝሩ ማውጣት የቀረውን ጉልበት ወደ ውጭ ለማዞር ይረዳል። ይህን ግን በትሕትና ማስረዳት ያስፈልጋል። ምክንያቱን ሳይነግሩ እናትን «ልጅሽን ትመቺው ነበር?» ብሎ መጀመር አፏን ይዘጋዋል፤ የምታውቀውንም ትረሳዋለች።

የጎረቤት ደግነትም ማስረጃ ያጠፋል። እትዬ አልቅሰው ደክመው ሲተኙ ሴቶቹ ተሰብስበው ቤቱን ጠረጉ፣ የልጁን ልብስ ሁሉ አጥበው አጥፈው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ፣ አንሶላውንም ቀየሩ። ከፍቅር ነበር። ነገር ግን ያልታጠበ ካልሲ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ማበጠሪያ ላይ የቀረ ፀጉር ከዓመታት በኋላ የልጁን ዲ ኤን ኤ ለማግኘት የሚረዱ ናቸው። ባይኖሩም ነገሩ አያልቅም፤ ልጅ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ስለሚወርስ ከጉንጫቸው ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ለማመሳከር ይጠቅማል። ፎቶም እንዲሁ ነው። ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ከኮፒ ላይ እየተቀዳ ስለሚባዛ በስተመጨረሻ የልጁ ፊት ጥቁር ክብ ይሆናል፤ የእትዬ ልጅ ወረቀት ላይ ከሹራቡ አንገትጌ በቀር የሚለይ ነገር አልነበረም። ዋናው ፎቶ፣ ቅርብ ጊዜ የተነሣው፣ ሳይታጠፍ መዝገቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ስለ ስልክ ሰዎች ብዙ ይጠብቃሉ። «ዛሬ እኮ ስልክ የማይደርስበት የለም፣ ለምን አይከታተሉትም?» ይባላል። የኔትወርክ ማማ የሚናገረው አንድ ስልክ በዚያ ማማ ሽፋን ውስጥ እንደነበር እንጂ የትኛው ቤት እንደገባ አይደለም። ማማዎች በሚቀራረቡበት እንደ ፒያሳ ባለ ሰፈር ሽፋኑ ጠባብ ነው፤ ያም ሆኖ በዚያች ጠባብ ቦታ ከሰዓት በኋላ የሚያልፈው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ጠቃሚ የሚሆነው ሌላ ሰዓትና ሌላ ቦታ ሲታወቅ ነው፤ ለምሳሌ ከፒያሳ ማማ በ10፡20፣ ከአውቶቡስ ተራ ማማ ሲነጋጋ የታየ ስልክ ካለ ዝርዝሩ በአንዴ ያጥራል። ሲም ካርድ ቢቀየርም ቀፎው የራሱ 15 አሃዝ መለያ ስላለው ይታወቃል። ነገር ግን የመጀመሪያው ሰዓት ተሳስቶ ከተጻፈ ይህ ሁሉ ቴክኖሎጂ የሚፈልገው ከረፋዱ 4፡20 ላይ ያለፈን ሰው ይሆናል። መረጃውም ለዘላለም አይቀመጥም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የኮምፒውተር ትራፊክ ዳታን (የግንኙነቱን መነሻ፣ መድረሻና ሰዓት የሚያሳየውን መረጃ) ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ነው የሚያስገድደው።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ስልክ ቁጥር ደግሞ አጭበርባሪን ይጠራል። ለእትዬ የደወለው ሰው «ልጅሽ እኔ ጋ ነው፣ በደኅና አለ፣ ብር አስገቢ» አላቸው። ያላቸውን ላኩ፤ ድጋሚ ደወለ፤ ተበድረው ላኩ። ለዚህ ነው መርማሪዎች ስለ ልጁ አንድ ነገር ለሕዝብ ሳይነግሩ የሚይዙት፤ ጉልበቱ ላይ ያለ ጠባሳ፣ ኪሱ ውስጥ የነበረ ብይ፣ ቤት ውስጥ ብቻ የሚጠራበት ስም። ደዋዩ ያን ካላወቀ ልጁን አላየውም። ቤተሰብም ይህን አንድ ነገር ለማንም፣ ለዘመድም ቢሆን፣ በማኅበራዊ ሚዲያም ላይ እንዳይናገር ይመከራል።

ስለዚህ ፖሊስ ሁሉንም ነገር ለምን አይናገርም የሚለው ጥያቄ ተገቢ መልስ አለው። ነገር ግን ዝርዝር መያዝ ሌላ፣ ሰውን ጨለማ ውስጥ መተው ሌላ ነው። የደወለው ሰው ልጁን አይቶት የማያውቅ አጭበርባሪ መሆኑ ተጣርቶ መዝገቡ ላይ ሰፍሯል። ለእትዬ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ «አንድ ቀን እኮ ደውሎ ነበር፤ በደኅና አለ ብሎኛል» እያሉ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ። መልሱ ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ነበር። ምርመራውን የሚጎዳ አንዳች ነገር ሳይኖረው፣ በአንድ ስልክ ጥሪ ሊነገር ይችል ነበር።

ቤተሰቦች ጣቢያ ሲሄዱ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱም ሁልጊዜ «የለም፣ እየተከታተልን ነው» ይሆናል። ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ስንት ሰዓት ተብሎ ነው የተመዘገበው፣ በማን ቃል? ካሜራ የታየው ከየት እስከ የት ነው፣ ሰዓቱስ ተስተያይቷል? መናኸሪያዎች የተጠየቁት መቼ ነው? ከተጠረጠሩት ማን ተጣርቶ ወጣ? ብሎ መጠየቅ ሌላ መልስ ያመጣል፤ ቢያንስ ያልተሠራው ይታያል። የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም በመጀመሪያው ቀን መያዝ፣ መርማሪ ሲቀየርም አዲሱን ሄዶ መተዋወቅ ያስፈልጋል። ፖሊስ ይዛወራል፣ መዝገቡ ግን ተላልፎ የተሰጠው ሰው እስኪያነበው ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ጊዜ ሲረዝም ጥያቄዎቹ መልካቸውን ይቀይራሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ከጠፋና ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ሕጉም የሚጠቀመው ያንኑ «መጥፋት» የሚለውን ቃል ነው። በዋናነት ለውርስና ለንብረት የተጻፈ ነገር ነው፤ የ9 ዓመት ልጅ ንብረት የለውም፤ እትዬም ፍርድ ቤት አልሄዱም።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያም ጭምር፣ ፈረሱ። ባለሱቁ፣ ቡና ያጠጡን ሴቶች፣ «አይቼዋለሁ» ያሉት ሁሉ ወደ ተለያየ ክፍለ ከተማ ተበተኑ። ዳቦ ቤቱ የለም። መዝገቡ ውስጥ «ከውኃ ቧንቧው ፊት ለፊት» ተብሎ የተጻፈውን ቦታ ዛሬ ለአዲስ መርማሪ ማሳየት አይቻልም። ልጁ በሕይወት ካለና የሚያስታውሰው የሰፈሩን ስም ብቻ ከሆነ፣ ጠይቆ ቢመጣም የሚያንኳኳው በር የለም።

እትዬ አሁን ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ሁለት ስልክ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንዱ ልጆቻቸው የገዙላቸው ነው። ሌላው ቁልፎቹ የተላጡ አሮጌ ቀፎ ነው፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያለበት። ልጁን ገና ፊደል ሳይቆጥር ያንን ቁጥር በቃሉ አስጠንተውታል። ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ተወስዶ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ስለሚያውቁ በየወሩ ካርድ ይሞሉበታል፤ ከዚያም በሌላኛው ስልክ ራሳቸው ይደውሉበትና እስኪጠራ ይጠብቃሉ።